አስትሮይድ የፕላኔት ምህዋር ያቋርጣል ሲባል በስልካችሁ ራሳችሁ እንዴት እንደምታጣሩ

በየጥቂት ወሩ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ወደ ምድር እየመጣ ያለ ድንጋይ የሚል ቪዲዮ ይለቀቅና ከደጀን እስከ ባህር ዳር ያለው የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉ በሱ ይሞላል። ልጆች እንቅልፍ ያጣሉ፣ እናቶች "እውነት ነው እንዴ ልጄ?" ይላሉ፣ መልስ የሚሰጥ ግን ብዙም የለም፣ ምክንያቱም ሼር የሚያደርገው ሰው ራሱ ቁጥሩን አይቶት አያውቅም። ቁጥሩ ደግሞ የተደበቀ አይደለም፣ በነፃ ለማንም ክፍት ነው፣ የሚያስፈልገው ሂሳብም መደመር መቀነስና ማባዛት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ስኩዌር ሩት፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሳይን ትገባለች፣ ሁለቱንም ካልኩሌተሩ ይሰራዋል። ስለዚ ስም ከማንበብ ጀምሬ አዲስ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር የህዋ ድንጋይ፣ ፍለጋ ውስጥ እስከመግባት ያለውን ደረጃ በደረጃ ልጽፍላችሁ ነው። አቡሻኽር ቆጥረው የበዓሉንና የጾሙን ቀን የሚያወጡ ሊቃውንት ያሉበት አገር ልጅ ለዚህ ሂሳብ አያንስም፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የፕላኔት ምህዋር (ፀሐይን የሚዞርበት መንገድ) ማቋረጥና ከፕላኔት ጋር መጋጨት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከታች ያለው ሥራ ሁሉ ይሄን ልዩነት በቁጥር ለማየት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ኢንተርኔት ያለው ስልክ፣ ወረቀት፣ እስክሪብቶና የስልኩ ካልኩሌተር ነው። አብዛኛው ስልክ ላይ ካልኩሌተሩን ከፍታችሁ ስልኩን ወደ ጎን ስታጋድሙት ስኩዌር ሩት ያለበት ሰፊው ይወጣል። ርቀት የምንለካው በአስትሮኖሚካል ዩኒት ነው፣ እኔ ከዚህ በኋላ አሃድ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ 1 አሃድ ማለት ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው አማካይ ርቀት ነው፣ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር።

ደረጃ 1፦ ስሙን አንብቡት

አስትሮይድ እንደተገኘ ወዲያው የሚያምር ስም አያገኝም፣ መጀመሪያ ጊዜያዊ መለያ ይሰጠዋል፣ ይሄ መለያ ደግሞ መቼ እንደተገኘ ራሱ ይናገራል። አፖፊስ የሚባለውን አስትሮይድ እንውሰድ፣ የመጀመሪያ መለያው 2004 ኤምኤን4 ነበር። 2004 በፈረንጆቹ የተገኘበት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ፊደል ወሩን ግማሽ ግማሽ አድርጎ ይቆጥራል፣ ኤ ከጃንዋሪ 1 እስከ 15፣ ቢ ከጃንዋሪ 16 እስከ 31፣ ሲ የፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ግማሽ፣ እያለ እስከ ዋይ ይሄዳል። አይ የምትባለው ፊደል ከ1 ቁጥር ጋር እንዳትምታታ ትዘለላለች። በዚህ ስትቆጥሩ ኤም የጁን ሁለተኛ ግማሽ ላይ ይወድቃል፣ በርግጥም አፖፊስ የተገኘው ጁን 19 ቀን 2004 አሪዞና ውስጥ ኪት ፒክ ላይ ነው፣ ያገኙት ሮይ ታከር፣ ዴቪድ ቶለንና ፋብሪዚዮ በርናርዲ ናቸው።

ሁለተኛው ፊደልና ከኋላው ያለችው ቁጥር ደግሞ በዛ ግማሽ ወር ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራሉ። አይ ተዘላ ኤን 13ኛ ፊደል ናት፣ ቁጥሯ 4 ማለት 25 ፊደሉ 4 ጊዜ ተዟዙሮ አልቋል ማለት ነው፣ ስለዚ 4 በ25 ሲባዛ 100፣ ሲደመር 13፣ 113ኛ። ቪዲዮ ላይ መለያው ካለ በቃ በዚህ መንገድ መቼ እንደተገኘ ታውቃላችሁ። "ዛሬ የተገኘ" እያሉ የ10 ዓመት ድንጋይ የሚያመጡ ብዙ አሉ፣ እነሱን እዚሁ ደረጃ ላይ ትለያላችሁ። ምህዋሩ በደንብ ሲታወቅ ቋሚ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፣ አፖፊስ 99942 ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ስም የሚመጣው።

ደረጃ 2፦ ቁጥሮቹን አምጡ

ጎግል ላይ ጄፒኤል ስሞል ቦዲ ዳታቤዝ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ፣ የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪ ገጽ ነው። የአስትሮይዱን ስም ወይ ቁጥር ወይ ጊዜያዊ መለያ አስገቡ። ሰንጠረዡ ረጅም ነው ግን አትደንግጡ፣ ስድስት ነገር ብቻ ወረቀታችሁ ላይ ገልብጡ። በፊደል ኤ የተጻፈው የምህዋሩ አማካይ ርቀት ነው፣ በአሃድ። በፊደል ኢ የተጻፈው ኤክሰንትሪሲቲ ነው፣ ምህዋሩ ምን ያህል ሞላላ እንደሆነ ይናገራል፣ 0 ከሆነ ክብ ነው፣ ወደ 1 ሲጠጋ በጣም የተለጠጠ ነው። በፊደል አይ የተጻፈው ምህዋሩ ከምድር ምህዋር ጋር ያለው ዘመምታ ነው፣ በዲግሪ። ከዛ ኤች የምትባለዋ ብርሃኑን የምትለካ ቁጥር፣ ከዛ ሞይድ የሚባለው ከምድር ምህዋር ጋር ያለው ትንሹ ርቀት፣ መጨረሻ ላይ ኮንዲሽን ኮድ።

ኮንዲሽን ኮዱን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ከ0 እስከ 9 ይሄዳል፣ 0 ማለት ምህዋሩ በጣም በደንብ ይታወቃል ማለት ነው፣ 8 ወይ 9 ማለት ደግሞ ገና የጥቂት ቀን እይታ ብቻ ነው ያለው፣ ሌሎቹን ቁጥሮች ሁሉ በጥርጣሬ ያዙ ማለት ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ አስትሮይድ ይጠፋል። የማርስን ምህዋር ሲያቋርጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው አስትሮይድ 132 ኤትራ ነው፣ ጄምስ ክሬግ ዋትሰን አሜሪካ ውስጥ በ1873 አገኘው፣ ለአጭር ጊዜ ታየና ጠፋ፣ እንደገና የተገኘው በ1922 ነው። አፖሎም እንደዛው፣ ካርል ራይንሙት ሃይደልበርግ ላይ በ1932 አገኘው፣ ከዛ እስከ 1973 የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። የጥቂት ሌሊት እይታ ከሙሉው ምህዋር ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው፣ በዛች ቁራጭ ተነስቶ የዓመታት ጉዞን መተንበይ አይቻልም። ስለዚ አዲስ የተገኘ ድንጋይ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ቪዲዮ ካያችሁ ኮዱን ሄዳችሁ እዩ።

ደረጃ 3፦ ለፀሐይ የሚቀርብበትንና የሚርቅበትን አስሉ

ሁለት ቀላል ሂሳብ ነው። ቅርቡን ለማግኘት ከ1 ላይ ኢን ቀንሱና በኤ አባዙ። ሩቁን ለማግኘት 1 ላይ ኢን ደምሩና በኤ አባዙ። አለቀ። ገጹ ላይ ተሰልቶ የተቀመጠ አለ፣ ግን ራሳችሁ ስሩት፣ በእጅ የተሰራ ነገር ከጭንቅላት አይወጣም።

በኤሮስ እንስራው፣ 433 ቁጥር ያለው፣ እኔ በጣም የምወደው አስትሮይድ ነው። ኤ 1.458፣ ኢ 0.223። ከ1 ላይ 0.223 ሲቀነስ 0.777፣ በ1.458 ሲባዛ 1.133። 1 ላይ 0.223 ሲደመር 1.223፣ በ1.458 ሲባዛ 1.783። ስለዚ ኤሮስ ለፀሐይ ሲቀርብ 1.133 አሃድ ላይ ነው፣ ሲርቅ 1.783 ላይ። ፀሐይን ለመዞር የሚፈጅበትን ጊዜም ከዚሁ ታገኛላችሁ፣ ኬፕለር ያገኘው ሕግ ነው፣ የኤን ስኩዌር ሩት አውጡና መልሳችሁ በኤ አባዙት፣ መልሱ በዓመት ይወጣል። የ1.458 ስኩዌር ሩት 1.2075 ነው፣ በ1.458 ሲባዛ 1.76 ዓመት፣ በ365.25 ሲባዛ 643 ቀን ገደማ።

ኤሮስ እንዴት እንደተገኘ ማወቅ ያለባችሁ ታሪክ ነው፣ ምክንያቱም ዛሬም ፍለጋው የሚሰራው በዛው መርህ ነው። ኦገስት 13 ቀን 1898 ጉስታቭ ቪት በርሊን ውስጥ ኡራኒያ ኦብዘርቫቶሪ ላይ ሆኖ ሌላ አስትሮይድ፣ 185 ዩኒኬ የምትባለውን ቦታዋን ለመለካት ፎቶ እያነሳ ነበር። የፎቶ ሰሌዳው 2 ሰዓት ለሰማይ ክፍት ሆኖ ቆየ። ቴሌስኮፑ ከዋክብትን እየተከተለ ስለሚዞር ኮከብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ከከዋክብቱ መሃል የሚንቀሳቀስ ነገር ግን መስመር ይስላል። ሰሌዳው ላይ ማንም ያልጠበቀው መስመር ወጣ፣ ለተለመደ የአስትሮይድ ቀበቶ (በማርስና በጁፒተር መሃል ያለው የአስትሮይዶች ሰፈር) ድንጋይ ደግሞ በጣም ረዘመ፣ መርዘሙ ድንጋዩ ለኛ ቅርብ እንደሆነ ነገራቸው። በዚያው ሌሊት ፈረንሳይ ኒስ ላይ ኦጉስት ሻርሉዋም ያንኑ ድንጋይ ፎቶ አንስቶት ነበር፣ ያሳወቀው ግን ከቪት በኋላ ነው። ከዛ በፊት የሚታወቁት አስትሮይዶች አማካይ ርቀታቸው ከማርስ የሚበልጥ ነበር፣ ኤሮስ ግን አማካይ ርቀቱ ከማርስ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሳይንቲስቶች ወዲያው ጥቅም አወጡለት፣ በ1900 እና 1901፣ ከዛም በ1930 እና 1931 ወደ ምድር ሲቀርብ ቦታውን ከተለያየ የዓለም ክፍል እየለኩ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት አሻሻሉበት። ማለትም ከላይ 149.6 ሚሊዮን ብዬ የጻፍኳት ቁጥር ታሪክ ውስጥ ይሄ ድንጋይ ድርሻ አለው።

ደረጃ 4፦ ከፕላኔቶቹ ጋር አስተያዩ

ፕላኔቶችም ራሳቸው ፍጹም ክብ ላይ አይሄዱም፣ ስለዚ የእያንዳንዳቸውን ቅርብና ሩቅ ያዙ። ሜርኩሪ ከ0.307 እስከ 0.467፣ ቬነስ ከ0.718 እስከ 0.728፣ ምድር ከ0.983 እስከ 1.017፣ ማርስ ከ1.381 እስከ 1.666፣ ጁፒተር ከ4.95 እስከ 5.46። አስትሮይዱ ከፕላኔቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ቅርብ ነጥብና ከፕላኔቱ ወደ ውጭ የሚወጣ ሩቅ ነጥብ ካለው ምህዋሩን ያቋርጣል ይባላል። ኤሮስ ከ1.133 እስከ 1.783 ነው፣ የማርስን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ምድር ጋ ግን አይደርስም። ኤሮስ የማርስ አቋራጭ ነው፣ የምድር አይደለም። ለዘላለም እንዲህ ይቀጥላል ማለት ግን አይደለም፣ የፕላኔቶች ስበት ምህዋሩን ቀስ እያለ ይቀይረዋል፣ በኮምፒውተር ሲሰላ በ2 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የምድርን ማቋረጥ ሊጀምር የሚችልበት መንገድ ታይቷል።

ለምድር ቅርብ የሆኑት ዘር አላቸው፣ ገጹ ላይ ስማቸውን ስለምታዩት ላስረዳ። ቅርብ ነጥባቸው ከ1.017 በላይ ሆኖ ከ1.3 በታች ከሆነ አሞር ይባላሉ፣ ኤሮስ እዚህ ውስጥ ነው። ቅርብ ነጥባቸው ከ1.017 በታች ሆኖ ኤ ከ1 በላይ ከሆነ አፖሎ ናቸው። ኤ ከ1 በታች ሆኖ ሩቅ ነጥባቸው ከ0.983 ካለፈ አተን ናቸው፣ የመጀመሪያውን ኤሊኖር ሄሊን በ1976 ፓሎማር ላይ አገኘችው። ሩቅ ነጥባቸውም ከ0.983 በታች ከሆነ አቲራ ይባላሉ፣ እነዚህ ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ በኩል ስለሆኑ ለማግኘት በጣም ከባድ ናቸው። ምድርን የሚያቋርጡት አፖሎና አተን ብቻ ናቸው፣ አሞር የተባለ ድንጋይ ሊገጨን ነው የሚል ርዕስ ካያችሁ አሁን ባለው ምህዋሩ ምድር ጋ እንደማይደርስ እወቁ።

እስቲ ኢካሩስን በእጃችሁ ስሩት፣ ቁጥሩ 1566፣ በ1949 ዋልተር ባዴ ያገኘው፣ ኤ 1.078፣ ኢ 0.827። ቅርቡ 0.186፣ ሩቁ 1.97 መምጣት አለበት። ከላይ ካለው ጋር ስታስተያዩት ሜርኩሪን፣ ቬነስን፣ ምድርንና ማርስን አራቱንም ያቋርጣል፣ ያውም በ409 ቀን አንድ ዙር። አራት ፕላኔት የሚያቋርጥ ድንጋይ እስከዛሬ አንዱንም አልገጨም፣ ለምን? መልሱ ቀጣዩ ደረጃ ላይ ነው።

ደረጃ 5፦ ከፍታውን እዩ

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ ነው። ከደጀን ወደ ጎሃ ፅዮን የሚወስደውን መንገድ ካርታ ላይ ብታዩት የመኪናው መንገድና አባይ ይቋረጣሉ፣ ሁለት መስመር አንዱ በአንዱ ላይ ያልፋል። መኪናው ግን ውሃ አይነካም፣ ድልድዩ ላይ ነው የሚያልፈው፣ ወንዙ ከታች ይሄዳል። እስካሁን ያሰላነው ካርታው ላይ ያለውን ነው፣ ከላይ ወደታች የታየውን። ዘመምታው ማለትም አይ የሚባለው ቁጥር ነው መንገዱ ከወንዙ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚነግረን።

የኤሮስ ዘመምታ 10.8 ዲግሪ ነው። ካልኩሌተሩ ላይ የ10.8ን ሳይን አውጡ፣ 0.187 ይሰጣችኋል፣ በዲግሪ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ድንጋዩ ከፀሐይ 1.5 አሃድ ርቀት ላይ ቢሆን በ1.5 አባዙት፣ 0.28 አሃድ ይሆናል፣ በ149.6 ሲባዛ ወደ 42 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። እንግዲህ ከምድር ምህዋር ጠለል (ምህዋሩ ከተዘረጋበት ዝርግ ገጽ) እስከዚህ ድረስ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ሊርቅ ይችላል ማለት ነው፣ ጠለሉን የሚያልፈው በአንድ ዙር ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው። የኢካሩስ ዘመምታ ደግሞ ወደ 23 ዲግሪ ይደርሳል።

ይሄን ሁሉ በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ የሚሰጣችሁ ሞይድ ነው። ሁለቱ ምህዋሮች፣ መስመሮቹ ማለቴ ነው፣ ድንጋዩና ምድር ራሳቸው አይደሉም፣ በጣም የሚቀራረቡበት ርቀት ነው። ኤሮስ ከምድር ጋር 0.149 አሃድ ገደማ ነው፣ 22 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። በጃንዋሪ 31 ቀን 2012 ሲቀርበን 26.7 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነበር ያለፈው። ሞይዱ ከ0.05 አሃድ ማለትም ከ7.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ካነሰና ኤች ደግሞ 22 ወይ ከዛ በታች ከሆነ አደገኛ ሊሆን የሚችል ተብሎ ይመዘገባል። ይሄ ምዝገባ በዓይን መከታተል ያለበት ማለት ነው እንጂ ይመጣል ማለት አይደለም። ሞይዱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ድንጋዩና ምድር በዛች ቦታ በአንድ ሰዓት መገናኘት አለባቸው፣ ምድር በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች፣ የራሷን ስፋት የሚያህል ርቀት በ7 ደቂቃ ገደማ ትጨርሳለች። ድንጋዩ በ10 ደቂቃ ከዘገየ ምድር አልፋለች።

ደረጃ 6፦ መጠኑንና መሽከርከሩን

ኤች ትልቅ ሲሆን ድንጋዩ ትንሽ ነው፣ ተገላቢጦሽ ነው፣ እንዳትሳሳቱ። 22 ከሆነ 140 ሜትር ገደማ፣ በ5 ሲቀንስ 10 እጥፍ ያድጋል፣ 17 ከሆነ 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 27 ከሆነ 14 ሜትር ገደማ። ገደማ የምለው ጥቁር ድንጋይና ነጣ ያለ ድንጋይ ብርሃን የሚመልሱት ስለሚለያይ ነው፣ ጥቁሩ ከግምቱ ይተልቃል። መሽከርከሩ የሚታወቀው ደግሞ ከብርሃኑ ነው፣ ረዘም ያለ ድንጋይ ጎኑን ሲያሳየን ይደምቃል ጫፉን ሲያሳየን ይደበዝዛል። ኤሮስ 34 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፣ ወርዱ 11 ገደማ ነው፣ በ5 ሰዓት ከ16 ደቂቃ አንዴ ይሽከረከራል፣ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ እንደሚል ገና በ1901 ታይቷል። ቅርጹ በቅርበት የተረጋገጠው ኒር ሹሜከር የምትባለው መንኮራኩር ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2000 ምህዋሩ ውስጥ ገብታ ስትዞረው ነው፣ በዓመቱ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2001 ለማረፍ ሳትሰራ ላዩ ላይ አረፈች፣ አስትሮይድ ላይ በማረፍ የመጀመሪያዋ ናት።

ደረጃ 7፦ ፐርሰንቱ ለምን ይጨምራል

2024 ዋይአር4ን ታስታውሳላችሁ፣ ሁሉም ያወራለት ነበር። መለያውን እንደተማርነው አንብቡት፣ ዋይ የዲሴምበር ሁለተኛ ግማሽ፣ አር 17ኛ ፊደል፣ 117ኛ። አትላስ የሚባለው የቺሊ ቴሌስኮፕ ዲሴምበር 27 ቀን 2024 አገኘው፣ ለምድር ቀርቦ ካለፈ ከ2 ቀን በኋላ። በ2032 ምድርን የመምታት ዕድሉ ከ1 ፐርሰንት ተነስቶ በፌብሩዋሪ 2025 አጋማሽ ወደ 3.1 ደረሰ፣ ሰዉ ሁሉ ደነገጠ፣ ከዛ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ዜሮ ወረደ።

ምንም ማንም የደበቀው ነገር የለም፣ ሂሳቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ በ2032 የት እንደሚሆን አይታወቅም ነበር፣ ሊሆን የሚችልበት ቦታ ረጅም መስመር ነው፣ ምድር ደግሞ በዛ መስመር ላይ ትንሽ ነጥብ ናት። እይታው ሲጨምር መስመሩ ያጥራል። ምድር ገና መስመሩ ላይ እስካለች ድረስ መስመሩ ባጠረ ቁጥር የምድር ድርሻ ይጨምራል፣ ፐርሰንቱ ይወጣል። ከዛ መስመሩ አጥሮ አጥሮ ምድርን ሲስት ፐርሰንቱ በአንዴ ይወድቃል። አፖፊስም በዲሴምበር 2004 ወደ 2.7 ፐርሰንት ደርሶ ነበር፣ በ2021 በራዳር ሲለካ ቢያንስ ለ100 ዓመት ምድርን እንደማይመታ ተረጋገጠ። ስለዚ ፐርሰንት ወጣ ሲባል ጠይቁ፣ ኮንዲሽን ኮዱ ስንት ነው፣ እይታው የስንት ቀን ነው።

ደረጃ 8፦ አፖፊስን ከጎጃም ለማየት ተዘጋጁ

ይሄ በሕይወት አንዴ የሚገኝ ነው። መጀመሪያ አስሉት፣ ኤ 0.922፣ ኢ 0.191፣ ቅርቡ 0.746፣ ሩቁ 1.098፣ ዙሩ 323 ቀን ገደማ። ምድርን ያቋርጣል፣ ቬነስ ጋ አይደርስም፣ ኤ ከ1 በታች ስለሆነ አተን ነው። ስፋቱ ወደ 340 ሜትር ነው።

አርብ ኤፕሪል 13 ቀን 2029፣ በኛ ሚያዝያ 5 ቀን 2021፣ ከምድር ገጽ 32 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያልፋል። አንዳንድ የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከዛ በላይ ናቸው፣ ወደ 36 ሺህ ላይ። ፋሲካ በዋለበት ሳምንት ነው፣ ጨረቃም ስለሌለች ሰማዩ ጨለማ ነው። በጣም የሚቀርብበት ሰዓት በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ገደማ ነው፣ ያኔ ግን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ስለሚሆን ከኛ ወደ ምዕራብ አድማስ ዝቅ ይላል፣ ስለዚ ያቺን ደቂቃ ብቻ አትጠብቁ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ውጭ ሁኑ። ከደቡብ በኩል መጥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ኮከብ የመሰለ ነጥብ ነው የምታዩት፣ ሲደምቅ ማግኒቲዩዱ (የድምቀት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይደምቃል) ወደ 3 ይደርሳል፣ በዓይን ይታያል፣ ያለ ምንም መሣሪያ። አውሮፕላንና ሳተላይት በደቂቃዎች ሰማዩን ያቋርጣሉ፣ ይሄ ግን ቀስ እያለ ነው፣ ከጎኑ ያለ ኮከብ ምረጡና በየ5 ደቂቃው አስተያዩ።

ቦታ ስትመርጡ የከተማ መብራት የሌለበትና ምዕራቡ ክፍት የሆነ ይሁን። ባህር ዳር ያላችሁ ጣና ዳር ምሥራቃዊው ዳርቻ ላይ ሆናችሁ ወደ ሐይቁ ብትመለከቱ ምዕራቡ ይከፈታል። ጮቄ አካባቢ ያላችሁ ከፍታው ጥሩ ነው፣ ግን ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ያዙ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ። ቀኑ ሲቀርብ ስቴላሪየም የሚባለውን አፕ ጫኑ፣ ቦታውን ደብረ ማርቆስ ወይ ያላችሁበትን ከተማ አድርጉና አፖፊስ ብላችሁ ፈልጉ፣ የሰዓቱን መንገድ ያሳያችኋል። በነገራችን ላይ ከዛ ሌሊት በኋላ የምድር ስበት ምህዋሩን ስለሚያሰፋው ኤ ከ1 በላይ ይሆናል፣ አተን የነበረው አፖሎ ይሆናል። ስለዚ የዛሬውን ቁጥር ወረቀት ላይ አስቀምጡትና በማግስቱ ከአዲሱ ጋር አስተያዩ።

ደረጃ 9፦ ፍለጋው ውስጥ ግቡ

ስልክ ብቻ ያላችሁ ዙኒቨርስ የሚባለው ገጽ ላይ ዴይሊ ማይነር ፕላኔት የሚለውን ሞክሩ፣ የካታሊና ሰማይ ቅኝት ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ተከታታይ ምስሎች እያገላበጠ ያሳያችኋል፣ እናንተ የሚንቀሳቀስ አለ የለም ትላላችሁ።

ትምህርት ቤታችሁ ወይ ዩኒቨርሲቲያችሁ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ካለው ደግሞ ከፍ ያለው መንገድ ኢንተርናሽናል አስትሮኖሚካል ሰርች ኮላቦሬሽን ነው፣ ከ2006 ጀምሮ ያለ፣ ነፃ ነው። በቡድን ነው የሚገባው፣ አንድ መምህር ወይ አስተባባሪ ይኑራችሁ፣ ተመዝግባችሁ የዘመቻ ጊዜ ይሰጣችኋል። ሃዋይ ካለው ፓን ስታርስ ቴሌስኮፕ የተነሱ ምስሎች ይላኩላችኋል፣ አራት አራት ሆነው፣ የአንድ ሰማይ ቦታ በደቂቃዎች ልዩነት የተነሳ። አስትሮሜትሪካ የሚባለውን ሶፍትዌር ጫኑና አራቱን ክፈቱ፣ ከኮከብ ካታሎግ ጋር እንዲያስተካክላቸው አድርጉ፣ የታወቁትን አስትሮይዶች ምልክት እንዲያደርግባቸው እዘዙት፣ ከዛ ምስሎቹን እያፈራረቀ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ከዋክብት ቆመው ይቀራሉ፣ አስትሮይድ ይዘላል።

የሚዘለውን ሁሉ ግን አትመዝግቡ። እውነተኛው በአራቱም ምስል ላይ አለ፣ በቀጥታ መስመር ይሄዳል፣ በምስል መሃል ያለው እርምጃ ከጊዜው ጋር ይመጣጠናል፣ ድምቀቱም ብዙ አይዘበራረቅም። በአንድ ምስል ብቻ ብልጭ ያለ ነጥብ ካሜራውን የመታ ኮስሚክ ሬይ፣ ማለትም ከህዋ የመጣ ፈጣን ቅንጣት ነው፣ በጣም የቀጠነ ስለታም ነጥብ ስለሚሆን ስታጎሉት ይታወቃል። ደማቅ ኮከብ አጠገብ ያለ ነገርም ብዙ ጊዜ የካሜራው እንከን ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ አይቶ ከተስማማ በኋላ ብቻ ጻፉት፣ አንዱ ጠቅ ሲያደርግ ሌላው እንዳያየው አድርጉ።

ሪፖርቱ ሲላክ በድርጅቱ ተፈትሾ ማይነር ፕላኔት ሴንተር ይደርሳል፣ የዓለም የአስትሮይድ መዝገብ ያለው እዛ ነው። መጀመሪያ ቅድመ ግኝት ይባላል፣ በሌላ ሌሊት ከታየ ጊዜያዊ መለያ ያገኛል፣ ቋሚ ቁጥር ለማግኘት ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ኤትራና አፖሎን ያጠፋው የእይታ ማነስ እንዳይደገም ነው። ስለዚ የላካችሁትን የሪፖርት ፋይል ኮፒ አስቀሩ፣ ቀኑን፣ የምስሉን ስም፣ የቡድኑን አባላት ስም አንድ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ደብተሩ የሚመረቅ ተማሪ ቤት ሳይሆን ክበቡ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከዓመታት በኋላ መለያው ሲመጣ ማን እንዳገኘው የሚመሰክረው እሱ ነው። ኔትወርክ ደካማ ከሆነ ምስሎቹን ሌሊት ዳውንሎድ አድርጉ፣ ፋይሎቹ ከባድ ስለሆኑ በፍላሽ ተቀባበሉ፣ ስክሪንሾት እየተላላካችሁ እንዳትሰሩ፣ ስክሪንሾት ላይ መለኪያው ሁሉ ይጠፋል።